ስልኩ ዝም ያለበት ቤት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ዓይኔ አላረፈም። መንገድ ላይ ምሰሶ ሳይ ሽቦው ወዴት እንደሚሄድ ቀና ብዬ እከተላለሁ፤ የላላ ካየሁ ቀኑን ሙሉ ሲያሳክከኝ ይውላል። ባለቤቴ "ደመወዝህን ካቆሙብህ ስንት ጊዜህ፣ አንተ ግን ዛሬም ሥራ ላይ ነህ" እያለች ትስቅብኛለች። ልክ ናት፤ ምን ላድርግ?

ወጣት መሐንዲሶች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። "አባባ፣ አዲስ አበባ መቅረት ሲችሉ ሐረር ምን አመጣዎት?" ይሉኛል። ፍቅር ነው፣ አገር ማገልገል ነው እንድላቸው ይጠብቃሉ። እኔን መጀመሪያ ያመጣኝ የቤት ኪራይ ነው።

የስድሳ ስድስቱ ለውጥ በፈነዳ ሰሞን ከስልክ ማሠልጠኛ ስንወጣ ጓደኞቼ ሁሉ አዲስ አበባ ለመመደብ ደጅ ይጠኑ ነበር። እዚያ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተደራርቤ እተኛ ነበር። ሐረር ደርሶ የመጣ አንድ አሠልጣኝ "እዚያ በዚህ ገንዘብ ግቢ ያለው፣ የሮማን ዛፍ ያለው ቤት ትከራያለህ" አለኝ። ሳልውል ሳላድር ሐረር ይመድቡኝ ብዬ ጻፍኩ። ጓደኞቼ አበደ አሉኝ። እኔ ግን ሐረር ስደርስ ቤቱንም አገኘሁ፣ ሮማኑንም አገኘሁ፣ ደግሞ ያልጠበቅሁትን ሌላ ነገር አገኘሁ። ከተማዋ ገና በመነሣት ላይ ነበረች። አዲስ ገመድ ይዘረጋል፣ ተራራው ላይ አንቴና ሊተከል ነው ይባላል፣ ሠራተኛው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አዲስ አበባ የቀሩት ጓደኞቼ ለዓመታት አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነት ዕቃ ሲያጸዱ ኖሩ፤ እኔ ባትሪውንም፣ ቦርዱንም፣ ከመሬት በታች ያለውንም ገመድ፣ ምሰሶውንም በእጄ ነካሁ። ሙያ የሚፈልግ ሰው ሠራተኛ ወደሚያንስበት ይሂድ፤ እኔ የማውቀው ምክር ይኼ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ የሐረር ስልክ የሚያያዘው በሰው እጅ ነበር። ሰው ቤቱ ሆኖ እጀታውን ሲያነሣ ስልክ ቤት ባለው የማገናኛ ቦርድ ላይ አንዲት ትንሽ ክዳን ጠብ ትላለች፤ ኦፕሬተሯ ገመድ ሰክታ "አቤት" ትላለች። የቦርዱ ንግሥት ዘይቱና ነበረች፤ የጀጎል ልጅ፣ ከእኔ ትንሽ የምትበልጥ። የሚደውልላት ሰው ቁጥር የሚባል ነገር አያውቅም። "የጨርቅ ነጋዴውን ስጪኝ"፣ "አማቴ ዘንድ አገናኚኝ" ነው የሚላት። አማቱ ማን እንደሆነች ታውቃለች። ለአንዱ በሐረሪ፣ ለሌላው በኦሮምኛ፣ ለሦስተኛው በአማርኛ እየመለሰች እጆቿ በገመዶቹ መካከል ሲሮጡ መጀመሪያ ያየሁ ቀን አፌን ከፍቼ ቆሜ ቀረሁ። "ዝንብ እንዳይገባብህ" አለችኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጅ ሆንን።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ በየነ ናቸው። ከጀጎል ቅጥር ውጭ ባለው ከተማ ከተወለዱ የድሮ ክርስቲያን ቤተሰቦች የወጡ ሰው ናቸው፤ አዲስ አበባም፣ ከዚያም አልፎ ውጭ አገር ልከዋቸው ተምረዋል። እንደሳቸው ያለ የተማረ ቴክኒሽያን በዚያ ዘመን በምሥራቅ አልነበረም ብል አልዋሸሁም። ልማዳቸው ግን ገራሚ ነበር። ገመድ ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ "ላብ ጨው ነው፣ ጨው ደግሞ የገመድ ጠላት ነው" ይላሉ። የገመዱን የእርሳስ ልባስ ከፍተው ሽቦዎቹ ከተጠቀለሉበት ወረቀት ቁራጭ ይቀድዱና በማሰሮ በቀለጠ ሰም ውስጥ ይነክሩታል። ወረቀቱ እርጥበት ካለው ሰሙ ውስጥ ይንጫጫል፤ ደረቅ ከሆነ ዝም ይላል። ጆሯቸውን ወደ ማሰሮዋ ጠጋ አድርገው ሲያዳምጡ ሐኪም ይመስሉ ነበር።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አይዘሉም። ስልኩ የተበላሸበት ቤት ገብተው መጀመሪያ ይቀመጣሉ። መሣሪያ አያወጡም። "ከመጥፋቱ በፊት ምን ሲል ሰማችሁ? በዚህ ሰሞን እቤታችሁ ምን አዲስ ነገር አለ?" ብለው ይጠይቃሉ። እኔ መለኪያዬን ይዤ ስቁነጠነጥ "ቁጭ በል አንተ፣ መለኪያህ የት እንደሆነ ይነግርሃል፤ ለምን እንደሆነ የሚነግርህ ሰው ነው" ይሉኛል።

በመጣሁ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ዋናው ፍሬም ጋ ስሠራ የአንድ ቤት ፊውዝ ቦታው ላይ እንደሌለ አየሁ። የሐረር የእያንዳንዱ ስልክ ሽቦ በዚያ ፍሬም ያልፋል፤ ፊውዙ ከተነቀለ ያ ስልክ ድምፅ የለውም። ሰው ረስቶት ነው ብዬ አዲስ ሰካሁበት። ደስ ብሎኝ ለጋሼ በየነ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ሮጠው ሄደው ነቀሉት።

"ማን አዘዘህ?"

"ጋሼ፣ ስልኩ ሞቶ ነበር እኮ።"

"ስልኩ አልሞተም። የሞተው የባለቤቱ ወንድም ነው" አሉኝ።

ከዚያ አስቀምጠው አስረዱኝ። ከሩቅ አገር የሞት ወሬ በስልክ ሲመጣ ዘይቱና ለቤቱ አታገናኝም። ደዋዩን "ይደርሳል፣ እኛ እናደርሳለን" ትለዋለች። ከዚያ የአፎቻውን አለቃ ታስጠራለች፤ አፎቻ የሐረር ሰው በሠርግና በሐዘን የሚረዳዳበት ማኅበር ነው። ሟቹ ክርስቲያን ከሆነ ደግሞ የዕድሩን ዳኛ። ጋሼ በየነ ፊውዙን ይነቅላሉ፤ ሌላ ዘመድ ከሌላ ቦታ ደውሎ ሳያስበው እንዳያፈነዳው ነው። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ማለዳ ሄደው በሥርዓቱ ያረዳሉ። "ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው" አሉኝ። "መርዶ በሽቦ አይነገርም። ቤቱ ዛሬ ራቱን ይብላ፣ ልጆቹም ይተኙ። እኛ ልንሰጣቸው የምንችለው ይቺን አንዲት ራት ነው።"

እኔ ማሠልጠኛ ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ የተማርኩት ሁሉ በዚያች ቅጽበት ትንሽ ሆኖ ታየኝ። አንዲት ጣት የማታክል ፊውዝ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ራት ትገዛለች።

ከዚያ የሶማሌ ጦርነት መጣ። በዚያን ጊዜ ስንት ፊውዝ እንደነቀልን አላወራም፤ ልቤም አይችልም። ከተማውም ነገሩን እየተረዳ ሄደ። "ማታ ስልኩ ዝም ያለበት ቤት ጠዋት ሽማግሌ ይመጣበታል" ይባል ጀመር። ልጅ የላከ፣ ወንድም የሄደበት ሁሉ ሲመሽ እጀታውን ያነሣል፤ ቦርዱ ላይ ክዳኖቹ እንደ በቆሎ ይፈነዳሉ። ዘይቱና "አቤት" ስትል "ምንም አልፈለግሁም የኔ ልጅ፣ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው" ይሏታል። አመስግነው ይዘጉና ተረጋግተው ይተኛሉ።

የሥራ ዘመኔን ለማውራት ብቀመጥ የምለው ብዙ ነው። ከዓመታት በኋላ ራሱ የሚያገናኘው አውቶማቲክ ማሽን መጥቶ አዳራሹን ሞልቶ ሲንጣጣ፣ ተራራው ላይ ወጥቼ ድምፅ ያለ ሽቦ ከተራራ ተራራ ሲዘል በመለኪያ ያየሁ ቀን፣ እኔም በተራዬ ወጣቶችን ሳሠለጥን፤ ሁሉም ይገርመኛል። እንደ ወይዘሮ ሩቂያ ቤት ስልክ ያለ ግን አላጋጠመኝም።

ወይዘሮ ሩቂያ ጊድር መጋላ ከሚባለው ገበያ አጠገብ የሚኖሩ የነጋዴ ሚስት ነበሩ፤ ባለቤታቸው ሞተው ስልኩ ግን እቤቱ ቀርቷል። አንድ ልጃቸው ነጂብ በጦርነቱ ጊዜ ወደ ጅቡቲ እንደወጣ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ከሐጅ የተመለሱ ሰው ነጂብን ጂዳ ውስጥ በዓይናቸው እንዳዩት፣ በሚቀጥለው ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ለእናቱ እንደሚደውል ነገሯቸው። ወይዘሮ ሩቂያ በዚያ ሳምንት በደስታ ያደረጉትን ሰፈሩ ሁሉ አወራው። ለዘይቱና በየማታው እየደወሉ "ሐሙስ አልተለወጠም አይደል?" ይሏት ነበር።

ረቡዕ ማታ እጀታውን አነሡ። ዝም።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ ስገባ ዘይቱና ፊቷ ዐመድ መስሎ ጠበቀችኝ። "የወይዘሮ ሩቂያ ስልክ ሞቷል፤ ፊውዙን ማን ነቀለ?" አለችኝ። ሮጬ ፍሬሙን አየሁ። ፊውዙ በቦታው ነው። ጋሼ በየነም አልነቀሉም። ገና በዚያ ቆመን ስንነጋገር የአፎቻው አለቃ ሐጂ ዩሱፍ በሩን ከፍተው ገቡ፤ ሽበታቸውን በነጭ ጥምጣም የሸፈኑ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሽማግሌ ናቸው።

"አሰላሙ አለይኩም። ለመሆኑ መልእክቱን የላከው ማነው? እናቲቱ አሟሟቱን እየጠየቀችን መልስ አጣን" አሉ።

"የምን መልእክት ሐጂ?" አሉ ጋሼ በየነ።

"የነጂብን ነዋ። ጎሕ ሲቀድ ሄደን አረዳናት እኮ።"

ዘይቱና እሪ እንዳትል አፏን በሻሿ አፈነች። "ሐጂ፣ እኔ ለማንም አልተናገርኩም! ምንም አልመጣም!"

ሐጂ ዩሱፍ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቀስ በቀስ ነገሩ ወጣ። ወይዘሮ ሩቂያ ስልኩ ዝም ሲላቸው ጎረቤት ልከው ሐጂን አስጠይቀዋል። ሐጂ ደግሞ መርዶው ለሌላው ሽማግሌ ለሼህ ዑመር ተነግሮ ይሆናል ብለው እሳቸው ዘንድ ሄደዋል። "'የሩቂያ ስልክ ዝም ብሏል አሉ' አልኩት። አንገቱን ደፋ። አንገቱን ሲደፋ ያውቃል ብዬ አልጠየቅሁትም፤ መርዶ የያዘ ሰው አይጠየቅም።"

"ሼህ ዑመርስ?"

"እሱም እኔ በዚያ ሰዓት ስመጣበት ጊዜ መልእክቱ እኔ ጋ አለ ብሎ ነው አንገቱን የደፋው። በሯ ላይ ስንደርስ እኔ እሱ ይጀምራል ስል፣ እሱ ደግሞ ሐጂ ይጀምራል ሲል… እሷ አየችን። ማየቷ በቃ። ሱብሐነላህ! አንድም ቃል ሳንናገር ልጇን ገደልንባት።"

ሽማግሌው አለቀሱ። እኔ ሽማግሌ በቀን ብርሃን ቢሮ ውስጥ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

ጋሼ በየነ ኮታቸውን አንሥተው ወጡ፤ ተከተልኳቸው። የወይዘሮ ሩቂያ ግቢ በሴቶች ሞልቷል፤ ወንዶቹ ውጭ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሼ በየነ ደጃፉ ላይ ቆመው "ወይዘሮ ሩቂያ፣ እኔ በየነ ነኝ የስልክ ቤቱ። የመጣ መልእክት የለም። ገመድ ነው የተበላሸው" አሉ።

ወይዘሮ ሩቂያ ከሴቶቹ መካከል ቀና ብለው አዩዋቸው። ዓይናቸው አብጧል። "አቶ በየነ" አሉ፣ "ባለቤቴ ድሬዳዋ ሆስፒታል የሞተ ጊዜም ገመድ ነው ብለውኝ ነበር።"

እውነት ነበር፤ ያኔም ፊውዙን የነቀሉት እሳቸው ናቸው።

ወደ ስልክ ቤት መጥተው ጥሪውን እዚያ ይጠብቁ ብለን በሐጂ ዩሱፍ በኩል ለመንናቸው። አይሆንም አሉ። ሐጂም ሲወጡ "ልውሰዳትና ስልኩ ባይመጣስ? ከጂዳ እዚህ ድረስ ስንቱ መስመር ተቆርጦ ይቀራል? ሁለተኛ ልገድላት ነው?" አሉን። መንገድ ላይ ጋሼ በየነ የተናገሩት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። "ዘሪሁን፣ ስንት ዓመት ለደግ ብለን ዋሽተን፣ ዛሬ እውነቱን ስንናገር የሚያምነን ጠፋ። ሊያሳምናት የሚችል የልጁ ድምፅ ብቻ ነው።" እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነበር። መልእክት አልመጣም ማለት ልጁ አለ ማለት አይደለም። ስልኩን ሠርተን ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ባይደወልስ? ይህን አፌን ሞልቼ ልናገረው አልደፈርኩም።

ከፍሬሙ ላይ ለካን። የቤቱ ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ተነካክተዋል፤ እርጥበት ያመጣው ንክኪ ነው። መለኪያው ከቅጥሩ በር ወዲያ፣ ጀጎል ውስጥ ነው ይላል፤ ከዚያ በላይ በደንብ አይለይም። ከበሩ ገባ እንዳልን ከመሬት በታች ትልቅ የገመድ መገጣጠሚያ አለ፤ የሰፈሩ ሁሉ ስልክ በዚያ ያልፋል። ሰሞኑን ደግሞ ዘንቧል። ጋሼ በየነ "እዚህ ነው" አሉ።

ያን ቀን አልተቀመጡም። አልጠየቁምም። ማንን ይጠይቁ? ልቅሶ ቤት ገብቶ "በዚህ ሰሞን እቤታችሁ ምን አዲስ ነገር አለ?" የሚል ሰው የለም። በቀጥታ ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው የእርሳሱን ልባስ ከፈቱ። ወረቀት ቀድደው ሰሙ ውስጥ ነከሩ። ጆሯቸውን ጠጋ አደረጉ። እኔም አደረግሁ። ሰሙ ዝም አለ። ደረቅ ነው፤ ጥፋቱ እዚህ አይደለም።

ይባስ ብሎ ያ ወረቀት ያረጀ ነበር። በእጃቸው ሲነካ ተፈረፈረ፤ እርቃኑን የቀረው ሽቦ ከጎኑ ካሉት ሽቦዎች ጋር ተነካካ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ባለሱቅ ባዶ እግሩን እየሮጠ መጣ። "የእኛም ዝም አለ!" ከኋላው አንዲት ሴት ነጠላዋን መሬት እየጎተተች። "የማን ነው? ንገሩኝ፣ የወንድሜ ነው?" ሌላ በር ተከፈተ፤ ሌላም። እኔ በየመተላለፊያው እየሮጥኩ "እኛ ነን ያበላሸነው! በእጃችን ነው!" እያልኩ እጮሃለሁ። አንዲት አሮጊት ትከሻዬን ይዘው "ልጄ፣ ሆድህ ይራራልኝ፣ እውነቱን ንገረኝ" አሉኝ። ቁርኣንም መስቀልም ብመታ የማያምኑኝ ሆኑ።

ተመልሼ ስመጣ ጋሼ በየነ ጉድጓዱ ውስጥ ናቸው። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ ቀና ሳይሉ። "እኔ እዚህ ጥንድ በጥንድ እየለየሁ እጠግናለሁ። አንተ ቤቷ ጫፍ ካለችው ሳጥን ሂድና ከዚያ ሞክር።"

ሳጥኗ የቤቱ ሽቦ ከሰፈሩ ገመድ ጋር የሚያያዝባት ትንሽ የብረት ሳጥን ናት፤ ከወይዘሮ ሩቂያ ግቢ ጥግ፣ ግድግዳው ላይ በሰው ትከሻ ልክ የተመታች፣ አመድማ። ራሴ ነኝ የመታኋት። ሄጄ ፈለግኋት፤ የለችም። መንገድ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ተመለስኩ፣ እንደገና መጣሁ። የለችም። ተስፋ ቆርጬ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

"ወዲያ በል! ልብስህን እየው!" አለችኝ ውሃ ተሸክማ የምታልፍ ጎረቤት። ዞሬ ሳይ ጀርባዬና ክንዴ ነጭ ሆኗል።

"ይኼ መቼ ተቀባ?"

"ትናንት ነው የጨረሱት። ለነጂብ ነበር እኮ። ይመጣል፣ እድረዋለሁ ብላ የውስጡንም የውጩንም በኖራ አስቀባችው፤ እንደ ሙሽራ ቤት። አላህ ይዘንለት።" እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ሄደች።

ግድግዳውን በሁለት እጄ ዳበስኩት። ከነጩ ሥር እብጠት አገኘሁ። ሳጥኗ ነበረች፤ ቀቢዎቹ ከነክዳኗ ጥርግ አድርገው ቀብተዋታል። በስለት ፈልቅቄ ስከፍታት ውስጧ ወተት የመሰለ የኖራ ውሃ ሞልቷል፤ የሽቦዎቹ ጫፎች በዚያ ውስጥ ተኝተዋል። ስልኩን የገደለው የእናትየው ደስታ ነው። ልጄ መጣ ብለው ያስቀቡት ኖራ ልጃቸውን በቁሙ አስለቀሳቸው። እንዲህ ያለ ነገር በሥራ ዘመኔ በፊትም በኋላም አላየሁም።

ኖራውን አወጣሁ፣ ጫፎቹን በቤንዚን አጠብኩ፣ በሸሚዜ አደረቅሁ፣ ሽቦዎቹን ወደ ንጹሕ ብሎኖች አዛወርኩ። የመሞከሪያ እጀታዬን ሰካሁ። ምንም የለም። ጋሼ በየነ ገና አልጨረሱም ማለት ነው። እጀታውን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆምኩ፤ ፀሐዩ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀምሯል። ድንገት ጠቅ አለና "አቤት!" የሚል ድምፅ መጣ።

"ዘይቱና! ዘሪሁን ነኝ።"

"የት ነው ያላችሁት?" አለችኝ፤ እየጮኸችም እያለቀሰችም ነው። "ጂዳን ይዤልሃለሁ! የአዲስ አበባዋ ኦፕሬተር ልዝጋ ልዝጋ እያለችኝ ነው፣ ለምኜ ነው ያቆየኋት!"

"ሰውየው አለ? ራሱ ነው?"

"ራሱ ነው! ውጣልኝ ከመስመሩ፣ ልደውል!"

ነቀልኩ። ከግድግዳው ወዲያ ስልኩ ጮኸ።

ሲቀራ የነበረው ቁርኣን ቆመ። ስልኩ ይጮኻል፣ የሚያነሣው የለም። ሐዘን ቤት ውስጥ የሚጮህ ስልክ ማን ደፍሮ ይነካል? ወደ ደጃፉ ሮጥኩ። ጋሼ በየነም እጃቸው ሰም እንደነካው ትንፋሻቸው ተቆራርጦ ደረሱ። ሴቶቹ ሁሉ ግድግዳው ውስጥ ባለችው መስኮት መሳይ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን ስልክ ያያሉ። በመጨረሻ ወይዘሮ ሩቂያ ራሳቸው ተነሡ። እጀታውን አንሥተው ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

"ማነው?" አሉ።

የሰሙትን እኛ አልሰማንም። ትከሻቸው ብቻ ሲወርድ አየን፤ የተሸከሙትን ሸክም መሬት እንደሚያወርድ ሰው።

"ነጂብ" አሉ፣ "በል አንዴ ጠብቀኝ፣ ለሰዎቹ ልንገራቸው።" እጀታውን በሥርዓቱ ቦታው ላይ አስቀመጡትና ወደ ደጃፉ መጡ። "አለ! ልጄ አለ! አልሐምዱሊላህ!"

ግቢው በእልልታ ተናወጠ። እኔና ጋሼ በየነ ግን ተያይተን ደርቀን ቀረን።

"ወይዘሮ ሩቂያ፣ ዘጉት እኮ!" አሉ ጋሼ በየነ።

"ምኑን?"

"ስልኩን! ተቋረጠ!"

እኔ ወደ ሳጥኔ ሮጬ ዘይቱናን ጠራሁ። ጂዳ ጠፍቷል፣ አዲስ አበባም ሌላ ይዛለች። ይህን ሁሉ ለፍተን ያመጣነው ድምፅ በአንዲት ጠቅታ ሄደ። ተመልሼ ስነግራቸው ወይዘሮ ሩቂያ ሳቁብኝ።

"ምን ትሯሯጣላችሁ? 'እናቴ' አለኝ። ድምፁ ነው። ከዚህ በላይ ምን ያደርግልኛል? ሲመቸው ይደውላል። ግቡ፣ እህል ቅመሱ።"

አስገብተው አስቀመጡን። ለሐዘኑ ሰደቃ የተሠራው ሩዝና ሥጋ በትልቅ ትሪ ቀረበ። ሐጂ ዩሱፍ እንባቸውንም ሳቃቸውንም መያዝ አቅቷቸው "የተለቀሰለት ዕድሜው ረጅም ነው ይላሉ፤ ብሉለት፣ በሕይወቱ እያለ ሰደቃው የተበላለት እሱ ነው" አሉ። ሁሉም እጁን ሰደደ። ጋሼ በየነ ብቻ አልጎረሱም። እጃቸው ላይ የደረቀውን ሰም ይልጣሉ።

ወይዘሮ ሩቂያ ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። "አቶ በየነ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።"

"ይጠይቁኝ።"

"ልጄ እውነት ሞቶ ቢሆን ኖሮ፣ ጠዋት እዚያ ደጃፌ ላይ ቆመው ይነግሩኝ ነበር?"

ሐጂ ዩሱፍ "ሩቂያ፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው…" ሲሉ ወይዘሮ ሩቂያ እጃቸውን አነሡ። "ሐጂ፣ እሳቸው ይመልሱልኝ።"

አዎ ማለት ይቀላቸው ነበር። እኔ ብሆን አዎ እል ነበር። ጋሼ በየነ ቀና ብለው አዩዋቸው።

"አልነግርዎትም ነበር" አሉ። "ገመድ ነው እልዎት ነበር።"

ቤቱ ውስጥ የሚያኝክ ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ሩቂያ ትሪውን በሁለት እጃቸው ወደ ጋሼ በየነ ገፋ አደረጉት።

"አሁን አመንኩዎት" አሉ። "ይብሉ።"